በየጠዋቱ የሚነሰነስ መድኃኒት

አቶ ደምመላሽ በቢሾፍቱ ዳርቻ አሳማ የሚያረቡ ቁጡ ባለሀብት ነበሩ። አሳማዎቹ ታመሙም አልታመሙም፣ በየጠዋቱ መኖአቸው ላይ ትንሽ ትንሽ አንቲባዮቲክ ያስነሰንሱላቸዋል። አንድ ሰሞን ግን አሳማዎቹን ተቅማጥ ያዛቸውና መድኃኒቱ ቢጨመር ቢጨመር አልመለስ አለ። ሰውየው አሳማዎቹን ሊያይ በመጣው የእንስሳት ሐኪም ፊት መኖ ቀላቃይዋን አስጠሩ።

«መድኃኒቱን ሸጠሽዋል» አሏት። «‹የለም፣ አንድ ቀን ሳላጓድል ሰጥቻለሁ› ካልሽ ደግሞ ለምን እንዳልሠራ ንገሪኝ። አለዚያ ዛሬውኑ አባርርሻለሁ።»

ሴትየዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ጋሼ፣ እዚህ የገባሁ ሰሞን ‹አባርርሻለሁ› ሲሉኝ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ ይለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሲሉኝ ሲሉኝ ግን፣ ዛሬ እየሰማሁ ቁርሴን እበላለሁ። ማዶ ያሉት ጎረቤትዎ አሳማ ካልታመመ መድኃኒት አይሰጡም፤ ሠራተኛ ካላጠፋም አይቆጡም። የተቆጡ ቀን ታዲያ ግቢው በሙሉ ይንቀጠቀጣል። የእኛ አሳማዎች ጀርም ምን ያድርግ ብለው ነው፣ እንደ እኔው ለምዶት እኮ ነው።»