የዳለቻ ጭራ

ቀና በል እስቲ፤ አንገትህን እንዲህ አድርግልኝ። ጎሽ! ለከተማችን አዲስ መሆንህ ያስታውቃል። የእኛ ሰው ብትሆን ኖሮ ትናንት በስብሰባው ላይ ሽማግሌው ብድግ ብለው ያቺን ሦስት ቃል ጣል ሲያደርጉ፣ ሕዝቡ ለምን በሳቅ እንደፈረሰ አትጠይቀኝም ነበር። "ሰውየው ሲሞገስ የከብት ወሬ ምን አመጣው?" አልከኝ አይደል? አባባሉ ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም ወንድሜ፣ ታሪክ አለው። ስትመጣ የተሻገርክበት ድልድይም በሰው ስም ሳይሆን በበሬ ስም "ዳለቻ" የተባለው በዚያው ሰበብ ነው። ምላጩ እስኪሳል ልንገርህ፤ አንተ ብቻ አትነቃነቅብኝ።

ስንሻው ቸኮል የሚባል ባለ ወፍጮ አለን። ምን የመሰለ ሰው መሰለህ! ቅንድቡ ላይ ዱቄት ሳይኖር አይቼው አላውቅም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ያስነሳና መጀመሪያ የአሮጊቶቹን እህል ይፈጫል። በዚያ የምርጫ ዓመት ሰዉ "አንተ ግባልን" ብሎ ወጥሮ ያዘውና ለምክር ቤት ተወዳደረ። የገባው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ ሸምበቆ ወንዝ ላይ ድልድይ ማሠራት።

ያኔ ድልድይ የለም። ክረምት ሲገባ ከወንዙ ማዶ ያለው ሰው የሚሻገረው በሬውን ከፊት ነድቶ፣ ጭራውን ጨብጦ ነው። በሬ ሲዋኝ አይተህ ታውቃለህ? አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ ጎርፉን ሰንጥቆት ይሄዳል፤ አንተ ጭራውን ከያዝክ ሌላ ሙያ አይጠየቅህም። ጭራው ያመለጠው ሰው ግን አለቀለት። ስንሻውም አብሮ አደጉን የቀበረው በዚሁ ወንዝ ምክንያት ነው፤ ድልድይ ድልድይ ማለቱም ከአንጀቱ ነበር።

ነገሩን ያበላሸው ልዑልሰገድ ነው። የከተማችን ሬዲዮ ጋዜጠኛ ነው፤ ድምፁ ነጎድጓድ፣ ልቡ ደግ፣ አፉ ግን ልጓም የለው! መጀመሪያ ሰሞን "ትሑቱ ዕጩ ስንሻው" አለ። እሺ፣ ይሁን። በሳምንቱ "ባለ ራእዩ" አለው። ቀጥሎ "የስንሻው ዱቄት ከሌላው ዱቄት ለምን ይነጣል?" በሚል ርዕስ ሙሉ ዝግጅት አቀረበ፤ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሄዶ የመዘውሩን ድምፅ ቀርፆ "ይህ የለውጥ ድምፅ ነው" ብሎ አሰማን። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሬዲዮውን እየሰማ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በመዘውር ድምፅ!

አንድ ቀን ታዲያ ልዑልሰገድ "በልጅነትዎ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ሸምበቆን ተሻግረው ነበር አሉ፤ እውነት ነው?" ብሎ ጠየቀው።

ስንሻው የዋህ ነው። "አዎ፣ የአክስቴን በሬ ጭራ ይዤ እሻገር ነበር፤ ሞልቶም ቢሆን" አለ።

ማታ በሬዲዮ ሲተላለፍ ጭራው የለም! በሬውም የለም! "አዎ፣ እሻገር ነበር፤ ሞልቶም ቢሆን" የሚለው ብቻ ቀርቷል። ልዑልሰገድ ቆርጦ ጥሎታል። በኋላ ሲጠየቅ "ጭራ ለመሪ አይመጥንም" አለ አሉ።

ይሄ ሳያንስ ድምፃዊት ፍሬገነት ከአዲስ አበባ መጣች። እናቷ የእኛ ከተማ ሰው ናት። በየሠርጉ በዘፈኗ የምንጨፍርላት ልጅ ስለ ስንሻው ልታንጎራጉር መጣች ሲባል ከተማው ተገልብጦ ወጣ። እንዲህ አለች፦

"ሸምበቆ ሞልቶ ሲያገሳ፣
ባንድ እጁ ቀዘፈው አንበሳ።"

በቃ፣ አለቀ! ልጁም አዋቂውም ባንድ እጁ፣ ባንድ እጁ። ባጃጁ ላይ ተጻፈ፣ ቲሸርት ላይ ታተመ። እዚህ ግድግዳ ላይ ስንሻው ማዕበል ውስጥ ቆሞ የሚያሳይ ፖስተር ተለጥፎ ነበር። ዋና ልብስ አልብሰውት! ሰውየው በሕይወቱ ዋና ልብስ ለብሶ አያውቅም።

መጀመሪያ ያፍር ነበር፤ ይህን አልክድለትም። እያደር ግን ሙገሳ እንደ ጠላ ነው፣ ቀስ እያለ ወደ ራስ ይወጣል። አንድ ቀን አንተ አሁን የተቀመጥክባት ወንበር ላይ ተቀምጦ ፂሙን ስላጨው መስታወቱን አተኩሮ ያያል።

"ስንሻው፣" አልኩት፣ "እውነት በአንድ እጅህ ነበር እንዴ?"

"ሳስበው፣ አዎ፣ በአንድ እጄ መቅዘፌ ትዝ ይለኛል" አለኝ።

"ሌላኛው እጅህስ?"

ግንባሩን ቋጠረ። "ሌላኛው ምን ይሠራ እንደነበር እንጃ፤ ረሳሁት" አለ፤ እውነቱን ነው፣ ረስቶታል! እኔም ስስቅ ምላጩ ሊስተኝ ነበር።

ያልረሳች አንዲት ሰው ነበረች። አክስቱ እትዬ ዘርትሁን፣ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ፣ ያሳደጉት። የበሬው ባለቤት እሳቸው ናቸው። የዱሮው ዳለቻ ከሞተ ቆይቷል፤ የልጅ ልጁን ግን እሱኑ ዳለቻ ብለው ይነዱታል። ዘፈኑን ሲሰሙ ወፍጮ ቤቱ ድረስ መጡና በሰው ፊት ጮኹበት።

"አንተ! የዳለቻን ጭራ የት ጣልከው?"

"እትዬ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ። ሕዝቡ እኮ ደስ ብሎታል" አላቸው።

"ሕዝቡማ ደስ ይለዋል፤ የምትሰምጠው አንተ!" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። እኛ ደግሞ አሮጊቷ ጃጁ አልን።

የምርጫው ቅስቀሳ የሚዘጋበት ቀን መጣ። ሰኔ ነው፤ ከላይ አገር ሲዘንብ አድሮ ሸምበቆ አፉን ሞልቶ ደፍርሶ ይወርዳል። ሰልፉ ወንዙ ዳር ሆነ፤ የዚህ ማዶ ሰው እዚህ፣ የዚያ ማዶ ሰው እዚያ። ሞንታርቦው ተደርድሯል፣ ፍሬገነት ትዘፍናለች፣ ልዑልሰገድ ማይክ ይዞ በቀጥታ ሥርጭት ያገሳል። እትዬ ዘርትሁንም ጠዋት የዳለቻን ጭራ ይዘው ለገበያ ተሻግረው ኖሮ፣ በሬውን ዳር ላይ አስረው ልብሳቸውን ያሰጣሉ።

ስንሻው ስለ ድልድዩ መናገር ጀመረ፤ ማን ሊሰማው! "ባንድ እጁ! ባንድ እጁ!" ይላል ሰዉ። ያን ጊዜ ልዑልሰገድን ምን እንደነካው እንጃ፣ "ውድ አድማጮቻችን! አንበሳው አሁን፣ በዚች ቅጽበት፣ ወደ ማዶ መራጮቹ በዋና ይሻገራል!" ብሎ ለቀቀው።

ጭብጨባው ምድሩን አናወጠው። ስንሻውን አየሁት፤ ፊቱ ከዱቄቱ ብሶ ነጣ። "አልችልም" ቢል ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ናት። ነገር ግን ማዶም ያጨበጭባል፣ ወዲህም ያጨበጭባል፤ ፍሬገነት "አንበሳ" እያለች ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ጫማውን አወለቀ፣ አማተበ፣ ዘሎ ገባ።

ወዲያው ጠለቀ። ብቅ አለ፤ ደግሞ ጠለቀ። ጎርፉ እያንከባለለ ይዞት ሲወርድ አንድ እጁን አውጥቶ አውለበለበ፤ ድረሱልኝ ማለቱ ነው እኮ! ልዑልሰገድ ሆዬ "እነሆ ባንድ እጁ! ሕዝቡን ሰላም እያለ ነው!" ይላል። ሰዉ እልል አለ። ስንሻው እጁን ባወናጨፈ ቁጥር ጭብጨባው ይብሳል፤ ጭብጨባው በባሰ ቁጥር "ኡኡ!" ማለቱ አይሰማም። እግዜር ያሳይህ፣ ሰው በእልልታ ሊሞት ነው!

የገባቸው እትዬ ዘርትሁን ብቻ ናቸው። "ወይኔ ልጄ!" ብለው ዳለቻን ፈቱት፣ በአለንጋ ሸንቆጥ አድርገው ወደ ውሃው ሰደዱት፤ ራሳቸውም እስከ ወገባቸው ተከትለው ገቡ። በሬው የለመደው ነው፣ አፍንጫውን ቀስሮ ጎርፉን ሰንጥቆ ሄደ።

"ጭራውን! ስንሻው! ጭራውን!" አሉ።

የቀረው ሰው ጉድ አየ። ያ የተረሳው እጅ ሥራው ትዝ አለው፤ ከደፈረሰው ውሃ ብድግ ብሎ የዳለቻን ጭራ ጭብጥ! እትዬ "ዳለቻ! ና! ና የኔ ጌታ!" ብለው ሲጠሩት በሬው ዞሮ ወደ እመቤቱ ተመለሰ፤ ዕጩአችንም እንደ እርጥብ ጆንያ እየተጎተተ ዳር ወጣ። ያን ጊዜ ነው ጭብጨባው ጸጥ ያለው።

ልዑልሰገድ ግን መች ይማራል! ስንሻው ጭቃ ላይ ተንበርክኮ፣ ጭራውን እንደያዘ ውሃ ሲተፋ ማይኩን አፉ ላይ ደቀነለት። "ክቡር ዕጩ፣ ይህን ታሪካዊ ዋና እንዴት ይገልጹታል?"

"ዋና አልችልም!" አለ ስንሻው እያሳለ። "ችዬም አላውቅ! ድልድዩን የምፈልገው እኮ ለዚህ ነው፣ እናንተ ሰዎች! ዋና የሚችል ሰው ድልድይ ምን ያደርግለታል?"

እኔ ልንገርህ፣ ያን ሁሉ ወር ከተናገረው ሁሉ ይህን ሰማነው። በምርጫው ቀን የመረጥነውም ለዚህ ነው፤ ድልድዩንም አሠራው፣ ስሜን እንዳትለጥፉበት ብሎም አስማለን።

ያን ዕለት ግን ጸጥታው አልቆየም። ልዑልሰገድ ትንፋሹን ሰበሰበና "ሰማችሁ? ይህ ነው ትሕትና! አልችልም ለማለት የደፈረ ጀግና!" ብሎ ጀመረ። ፍሬገነት ወዲያው "አልችልም" የሚል ዜማ አወጣችለት፤ ሰዉም እንደገና አፏጨ፣ ጭብጨባው ከወዲያም ከወዲህም ተነሣ። ስንሻው ደንግጦ ወንዙን አየ፤ የዳለቻን ጭራ በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ያኔ እትዬ ዘርትሁን፣ ከወገባቸው በታች ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ማይኩን ከልዑልሰገድ እጅ ነጥቀው በቀጥታ ሥርጭት እንዲህ አሉ፦ "እናንተ ሰዎች፣ ልጄን መውደዱን ውደዱልኝ፤ ደራሽ ውሃ የመጣ ቀን ግን ጭብጨባ ጭራ አይሆንም!"