ከወጣው ሞተር የተወሰደ ናሙና

አንድ ባለሚኒባስ ነበረ። አትቁነጥነጥ እንድሪስ፣ ቁጭ በል! ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ሟቿ ሚስቴ፣ አላህ ይማራትና፣ አሥራ አራት ዓመት አብራኝ ስትኖር አንድ ቀን ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ከእሷ በኋላ ያገባኋት ሉባባ ግን በገባች በስምንት ወሯ ቤቱን በጩኸት አናጋችው፤ ይባስ ብላ ጥላኝ ወንድሟ ቤት ገባች። ለፊተኛዋ ያላጎደልኩትን ለዚህችም አላጎደልኩም። ምን በድያት ነው?» ነው ያልከኝ። ሽማግሌ ሆኜ እንዳስታርቃችሁም ለምነኸኛል። እኔ መካኒክ ነኝ፤ የማውቀውን ልንገርህ።

ይህ ሰው ከኮምቦልቻ ደሴ ሰው ያመላልስ ነበር። የሚኒባሱ ሞተር ትንሽ ናት። ሜዳውን ደህና ትሄድና የሐረጎ ዳገት ላይ ስትደርስ ታቃስታለች። እንዲህ እያለች ብዙ ዓመት አገለገለችውና አንድ ቀን ቀጥ አለች። ሰውዬው ያለ የሌለ ጥሪቱን አሟጦ ትልቅ ሞተር ገዛ። ያገለገለ ነው፣ ግን ጉልበታም ነው። እጁ የተፍታታ ስለነበረ ራሱ አስገባው።

ትልቁ ሞተር ሲመጣ ኢንጄክተሮቹ፣ ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጩት አራቱ ማለቴ ነው፣ ተሰባብረው ነበር። ስለዚህ ሌላ መግዛት ግድ ሆነበት። ሞኝ እንዳይመስልህ! «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ ናሙና ይዞ መለዋወጫ ሱቅ ሄደ። መቼም እኛ አገር ዕቃ የሚገዛው በናሙና ነው፤ አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልለህ ትሄድና «ይሄን የመሰለ ስጠኝ» ትላለህ። ባለሱቁም አገላብጦ አየ፣ ቁመቱን ከቁመት፣ ሶኬቱን ከሶኬት አስተያየና አራት ቆጥሮ ሰጠው። ሲከታቸው ጥልቅ አሉ። ቀዳዳው ልክ፣ ሶኬቱም ልክ። ቁልፉን ገና ሲያዞረው ሞተሩ ተነሳ፤ ሰውዬውም «አልሐምዱሊላህ» አለ።

ለሙከራ ብሎ ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ ሠራበት። ምንም አልሆነም። በገበያ ቀን ግን ሰው ከነጓዙ ጭኖ ሐረጎን ጀመረው። ግማሽ ላይ ሞተሩ ጋለ፣ ጉልበቱ ከዳው፣ ከውስጥ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። ሰውዬው «ዳገቱ ነው» ብሎ ጭራሽ እስከ ጥግ ረገጠው። ቧ! መኪናው በጭስ ተሸፈነ፤ ተሳፋሪው እየጮኸ በበር በመስኮት ወረደ።

አስጎትቶ እኔ ጋ አመጣው። ቴስታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ሳነሳ፣ ሱብሃነላህ፣ ክው ነው ያልኩት! አርባ ዓመት ሞተር ስከፍት እንደዚያ ያለ ጉድ አላየሁም። ሦስተኛው ፒስተን መሃሉ ቀልጦ ተበስቷል። አውራ ጣቴን ብሰድበት ወዲያ ማዶ ወጣ። ብረት እኮ ነው እንድሪስ! ሰውዬው ራሱን ይዞ «ውሃ አልጎደለ፣ ዘይት አልጎደለ፣ ቤንዚን ሞልቻለሁ፤ ኧረ ምን በድዬው ነው?» ይላል።

ኢንጄክተሮቹን ፈትቼ መሞከሪያው ላይ ሰካኋቸው። በደቂቃ ምን ያህል እንደሚረጩ በመስታወት ቱቦ የሚለካ ማሽን ነው። የዚያ ሞተር ኢንጄክተር ቱቦውን ሊሞላው ሲገባ እነዚህ ግማሽ ላይ ቀሩ።

«ማን ነው እነዚህን የመረጠልህ?» አልኩት።

ኪሱ ገባና ናሙናውን አወጣ። እንዴት ኮርቷል መሰለህ! «በናሙና ነው የገዛሁት! ይኸው፣ ቁርጥ እሱን!»

«ናሙናው ከየት የወጣ ነው?»

«ከሞተሩ ነዋ!»

«ከየትኛው ሞተር?»

ናሙናውን አገላብጦ አየው። «ከወጣው» አለኝ። 

«ግን እኮ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይደክማል እንጂ እንዴት ይቀልጣል?» አለኝ በኋላ። አየህ፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። የሚገባው ቤንዚን ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ብቻ ሳይሆን የሚያበርደውም ነው። ትንሿ ሞተር ትንሹ ይበቃታል። ትልቁን በዚያ ትንሽ ቤንዚን ሜዳ ሜዳውን ብትነዳው እንደምንም ይቻቻላል፤ ዳገት ስታስወጣው ግን ይግላል፣ ራሱን በራሱ ይበላል። ሲያንሰው ነው የሚቃጠለው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ሟቿን አውቃታለሁ። ዝምተኛ ነበረች፤ አንድ «ደህና ዋልሽ» ለሳምንት የሚበቃት፣ ራትህን በልተህ ፊትህን ወደ ግድግዳ ብታዞር የማይከፋት ሴት ነበረች። የሚበቃትን ሰጠሃት፣ በሰላም ኖራችሁ፤ እዚህ ላይ አልወቅስህም። ሉባባንም ከነአባቷ አውቃታለሁ። ሳቋ ሦስት ቤት ይሰማል፤ ተጫውታ አትጠግብም፤ የሆዷን ካልተናገረች እንቅልፍ አይወስዳትም። አንተ እሷን አግብተህ የሟቿን ናሙና ይዘህ ገባህ! ቀዳዳው ልክ ሆነ፤ ሠርጉም አማረ፣ ቤቱም ተደላደለ። ከዚያ እናቷ ታመመች፣ ዳገቱ መጣ። ያቺኑ «ደህና ዋልሽ»ህን ጠብ አደረግክላት፤ እሷም ጮኸች። አንተ የጥጋብ መሰለህ። የረሃብ ጩኸት ነበር፣ አንተ ሰው!

በል እሺ፣ በሽማግሌነት እሄድልሃለሁ። ባዶ አፌን ግን አልሄድም። ሉባባን ምን እንደሚያስደስታት አንድ ነገር ንገረኝና ይዤ ልሂድ።

ምን አልክ? «ለብቻዋ ሲተዉዋት ደስ ይላታል»? ሉባባን? ያ ረቢ! ኧረ የማንን ነው የምትነግረኝ እንድሪስ?

አዎ፣ አልቅስ። ሽማግሌ አልሆንህም፤ ይሄ የሽማግሌ ጉዳይ አይደለም። ተነስና ራስህ ሂድ፤ ምን እንደምትፈልግ ራሷን ጠይቃት። መናገር ስትጀምር ታዲያ እንዳትቸኩል፤ የስምንት ወር ነው የተጠራቀመው።