የኦርጋኑ የኋላ ቧንቧዎች

ባለቧንቧው ኦርጋን በምረቃው ዕለት ትንፍሽ አላለም። ከአሮጌው የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ወደ አዲሱ የተሸከምነው እኛ ወዛደሮቹ ነበርን፤ ያን ጊዜ በትከሻዬ ነበር የምበላው። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ኦላና በከዘራቸው እየጠቆሙ፣ «የሚያብረቀርቁትን የፊት ቧንቧዎች ውሰዱ፤ ከኋላ ያሉትን ጥቃቅን ጥላሸታሞች ጣሏቸው!» ብለው አዘዙን። የኦርጋኑን ወናፍ የሚነፋውና የሚጠግነው ሰው ሊናገር ሲል፣ «አንተ ንፋ እንጂ ምን ታውቃለህ?» ብለው ዝም አሰኙት።

በምረቃው ዕለት ግን አቶ ኦላና በምእመናኑ ፊት ጮኹበት።

«ገደልከው አይደል? ለምን እንደማይዘምር ተናገር! አለዚያ ዛሬውኑ ከግቢው ቤት ትወጣለህ!»

«ጌታዬ፣ የፊቶቹ ለዓይን የቆሙ ናቸው፤ ድሮም ድምፅ የላቸውም። የሚዘምሩት እርስዎ ያስጣሏቸው የኋላዎቹ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከፊት ወንበር ተቀምጠው አንድ ቀን እንኳ ሳይዘምሩ የኖሩ ሰው፣ ይህን ከሁላችንም በፊት ያውቃሉ ብዬ ነበር።»

ሳቁ ከኋላ ወንበሮች ተነሥቶ እስከ ፊት ደረሰ። የተጣሉትን ቧንቧዎች ሰውየው ለቅሞ ቤቱ አኑሯቸው ነበርና ተሸክመን አመጣናቸው፤ እሱም በየቦታቸው ሰካቸው። መዝሙሩ ሲጀመር አቶ ኦላና ወጥተው ሄደው ነበር። ነፊው ግን ከወናፉ ጋር በግቢው ቤት ቀረ።