ከመቃብር የተዛቀ አፈር

አንድ ጋሪ ነጂ በጥንቷ ሀንጋሪ ይኖር ነበር። አምብሩሽ ይባላል። አርጅቷል፣ ወገቡም ጎብጧል፤ ከወገቡ ይልቅ ግን የዛለችው ነፍሱ ናት። ሁለት ወንዶች ልጆቹን ሁለት ነገሥታት በየተራቸው ለዘመቻ ወስደው እዚያው አስቀርተውበታል። የቀረው የመጨረሻው ልጁ ማርተን ነው። እሱም በቅርቡ ተመልምሎ ከዋናው ከተማ አጠገብ ከሰፈረው ጦር ጋር ነው። አዲሱ ንጉሥ ዘውድ እንደጫነ ጦሩ እንደሚንቀሳቀስ ደግሞ አገር ያወቀው ነገር ነበር።

በዚያ አገር ንጉሥን የሚያነግሠው ዘውዱ ነው። የፈለገውን ያህል ጦር ይኑረው፣ አናቱ ላይ ያለው መስቀል ዘመም ያለውን ያንን አሮጌ ዘውድ ካልደፋ ማንም ንጉሥ ብሎ አይጠራውም። ዘውዱን ደፍቶ፣ በወርቅ ክር የተጠለፈውን ካባ ደርቦ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አንድ ኮረብታ ይጠብቀዋል። ኮረብታው ሰው የሠራው ነው፤ ከየአውራጃው በጋሪ እየተጫነ የመጣ አፈር ተቆልሎ ነው። ንጉሡ በፈረስ ይወጣበትና ሰይፉን መዝዞ ወደ አራቱም ማዕዘን ይሰነዝራል። ጠላት ከየትም ይምጣ ይህን አፈር እጠብቃለሁ ማለቱ ነው። መቼም ያማረ ሥርዓት ነው፣ አይካድም።

የአውራጃውን አፈር የሚያደርሰው ሁልጊዜ አምብሩሽ ነው። ቀድሞ ከለሙ ማሳ ነበር የሚዝቀው። ዘንድሮ ግን ጋሪውን ወደ መቃብር ስፍራው ነዳ። ልጆቹ እንኳ እዚያ የሉም፤ ሩቅ አገር ስለወደቁ የቆመላቸው የእንጨት መስቀል ብቻ ነው። ከመስቀሎቹ ሥር ይዝቅ ጀመር። ጎረቤቱ ኦርሾያ አካፋ ይዛ መጥታ አገዘችው። ኦርሾያ መበለት ናት፤ አንድ ልጇ ከማርተን ጋር ተመልምሎባታል። እግር ጥሎህ ንጉሡን ብታገኝ የልጆቻችንን ነገር አደራ አለችው። እሱም እሺ አላት፣ አገኛለሁ ብሎ ግን አይደለም።

አገኘ። በንግሡ ዋዜማ ንጉሡ ፈረሱን ከኮረብታው ሊያለማምድ መጥቶ ነበር። አፈር ተረካቢው አምብሩሽን ከየት እንደዛቀ ሲጠይቀው ከመቃብር ብሎ እውነቱን ተናገረ። ተረካቢው ደነገጠ፤ ለንግሥ ቀን ገድ የለውም፣ መልሰህ ውሰደው እያለው ሲጨቃጨቁ ንጉሡ ሰማና ሽማግሌውን አስጠራው።

«ለምን ከመቃብር አመጣህ?» አለው።

«ጃንሆይ፣ ለሁለት ነገሥታት ለሙን አፈር አምጥቻለሁ። ሁለቱም ሰይፋቸውን ወደ አራቱም ማዕዘን ሲሰነዝሩ እዚሁ ቆሜ አይቻለሁ። ልጆቼን የወሰደብኝ ግን ከአራቱ ከአንዱም አልመጣም። የመጣው ሰይፉን ከያዘው ዘንድ ነው።»

ንጉሡ ወጣት ነው፣ ክፉም ሰው አልነበረም። ሌላ ልጅ እንዳለው ጠየቀው። አምብሩሽ የማርተንን ነገር ነገረው። ንጉሡም ወዲያው ልጁን ከጦር ሰፈሩ አስመጣለት።

«ልጅህን ይዘህ ግባ» አለው። አፈሩም ከሌላው ጋር ተደፋ።

አምብሩሽ አንድ ቃል ቀርቶት ነበር። የኦርሾያ ልጅ አለ፣ ከየመንደሩ የመጡት የሌሎቹም ልጆች አሉ። ነገር ግን ማርተን ከስቶ፣ ስልቻውን አንግቶ ከፊቱ ቆሟል። አፉን ቢከፍት የተሰጠው እንዳይነጠቅበት ፈራ። ደግሞም ደክሞት ነበር፤ የዕድሜ ልክ ድካም። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ጋሪውን አዞረ።

በማግስቱ ንጉሡ ዘውዱን ደፋ፣ ኮረብታው ላይ ወጣ፣ ሰይፉንም ወደ አራቱም ማዕዘን ሰነዘረ። ሕዝቡ እልል አለ። ሳምንት ሳይሞላ ጦሩ ተንቀሳቀሰ።

አባትና ልጅ መንደራቸው ሲደርሱ ኦርሾያ መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀቻቸው። ማርተንን አየችው። ከዚያ ከኋላው ጋሪው ላይ ሌላ ሰው ፈለገች። ማንም የለም።

«ንጉሡን አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

«ምን አለህ?»

አምብሩሽ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ልጅህን ይዘህ ግባ አለኝ» አላት።

ወዳጆቼ፣ ንጉሡ ለጥያቄው መልስ አልሰጠም፤ ጠያቂውን ነው የሸኘው። በአምብሩሽ አትፍረዱበት፣ ልጁን ያገኘ አባት ነው። ግን የሁላችንን ጥያቄ ይዘን ገብተን የራሳችንን ድርሻ ብቻ ይዘን ስንወጣ፣ ይዘነው የገባነው ጥያቄ እዚያው ኮረብታው ሥር ይቀበራል። እስቲ እናንተም አስቡት፤ የእናንተ ጉዳይ ባለቀ ማግስት መንገድ ዳር ቆማ የምትጠብቃችሁን ጎረቤት ምን ትሏት ይሆን?