የተገለበጠው ሹራብ

ዳውን ሲንድረም ያለባት አንዲት ወጣት፣ ልብስ ማጠብና መተኮስ ተምራ በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ንጽሕና ክፍል ሥራ ልትጠይቅ ሄደች። ባለቤቱ አቶ ዘለቀ ገና ፊቷን ሲያዩ ሊያሰናብቷት ፈለጉ።

«ስሚ፣ እነዚህ ሠራተኞቼ የልብስ ጉድለት አያመልጣቸውም። እነሱ ያለፉትን አንድ ጉድለት ካገኘሽ እቀጥርሻለሁ» አሏት።

የታጠፈውን አንሶላ ሁሉ አገላብጣ አየች፤ እንከን የለውም። ከዚያ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ሹራብዎን ገልብጠው ለብሰዋል።»

አቶ ዘለቀ ደንግጠው ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ። «አላያችሁም?» ሁሉም አቀረቀሩ።

«አይተዋል እንጂ» አለች። «እንዳያባርሯቸው ፈርተው ነው። እኔን ግን ሳይቀጥሩ እንዴት ያባርሩኛል?»

ሰውየው ሳቃቸው አመለጣቸው። «በይ፣ ከነገ ጀምሮ ተቀጥረሻል!»

«እንግዲያው ካልሲዎም አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡኒ ነው። ከነገ ጀምሮ እኔም አላይም።»