ቀንበር ያልነካው ወይፈን

አንድ ገበሬ ነበረ። ቁጭ ይበሉ አቶ ደምመላሽ፣ ጥያቄዎን አልሸሸሁም። «መምህርት ስንዱ፣ ልጄን እዚህ የላክሁት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንዲዘጋጅ ነው ወይስ ሽሮ ሊያማስልና ቁልፍ ሊተክል?» ነው ያሉኝ። ወላጆችን አስተባብረው የዓርብ ከሰዓቱን ትምህርቴን ሊያዘጉ እንደሆነም ሰምቻለሁ። እሱን ኋላ እንነጋገራለን፤ መጀመሪያ ገበሬውን ይስሙ።

ይህ ገበሬ ሁለት ያረጁ በሬዎችና አንድ ወይፈን ነበሩት። ወይፈኑን እንደ ዓይኑ ብሌን ይሳሳለት ነበር። ለበሬዎቹ ጭድ ሲሰጥ ለእሱ ለምለም ሣር ያጭድለታል፣ ገላውን ያጥበዋል፣ ዝንብ እንኳ እንዲያርፍበት አይወድም። በአገሩ ልማድ ወይፈን የሚገራው በበጋ፣ ሥራ ሳይበዛ፣ ካረጀ በሬ ጎን ተጠምዶ ነው። በሬው ሲሄድ ይሄዳል፣ በሬው ሲዞር ይዞራል፤ እንዲህ እያለ ይለምዳል። ጎረቤቶቹም ይህንኑ መከሩት። እሱ ግን፣ «አንገቱ ይላጥብኛል» አለ። «አሁን ይብላ፣ ይወፍር። የእርሻው ቀን ሲደርስ ራሱ ያውቀዋል።»

ሚስቱ፣ «ኋላ የሠርግ ዕለት በርበሬ ቀንጥሱ እንዳይሆንብህ» ብላው ነበር። ሳቀባት።

ወይፈኑ እውነትም አማረ። ሻኛው ቆመ። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያየው ጀመር፤ ገበሬውም አጥሩን ተደግፎ ሙገሳውን ይሰማ ነበር። እርስዎ የልጅዎን የናሁሠናይን ውጤት ለእድርተኛው ሁሉ እንደሚያሳዩት ማለት ነው። አይቆጡ፣ እኔም አሳያለሁ፤ ጎበዝ ልጅ ነው።

ክረምት ገባ፣ መሬቱ ራሰ፣ ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ገደል ገብቶ ሞተ። ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ለመዝራት ይጣደፋል፤ በሬ የሚያውስ የለም። ያ እርሻ ካልታረሰ ደግሞ ለከርሞ የሚበላ እህል የለም። ስለዚህ ገበሬው ወይፈኑን ከተረፈው በሬ ጋር ጠመደው። ወይፈኑ ቀንበሩ አንገቱን ሲነካው በረገገ። ወደ ግራ ሮጠ፣ ወደ ቀኝ ዘለለ፣ ሞፈሩን ሰበረ፤ መጨረሻ ላይ ጭቃው ውስጥ ተኛና እምቢ አለ። ገበሬው ጅራፉን አንሥቶ ይገርፈው ጀመር። «ሰነፍ! ይህን ሁሉ ያበላሁህ ለዚህ ነው?» ይለዋል።

ሚስቱ ዘር ይዛ ቆማ ታይ ነበር። ዘሩን አስቀምጣ መጣችና ጅራፉን ከእጁ ነጠቀችው። ወይፈኑን ፈታችው። ከዚያ ቀንበሩን አንሥታ ባሏ አንገት ላይ ጫነችው።

«በል ጎትት» አለችው።

«አብደሻል?»

«ከተጋባን ጀምሮ አብልቼሃለሁ፣ ወፍረሃል። መብላት እርሻ የሚያስተምር ከሆነ ጎትት!»

ገበሬው አልጎተተም። ቀንበሩ ከብዶት አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ጎረቤት የራሱን ጨርሶ በሬ እስኪያውሰው ድረስ ዝናቡ አለፈ፤ መሬቱ ጦም አደረ። በበጋው ወይፈኑን ካረጀው በሬ ጎን ጠመደው። አንገቱ ተላጠ። ዳነም።

አቶ ደምመላሽ፣ ወይፈኑ ናሁሠናይ ነው። ሣሩ ፊዚክሱና ሒሳቡ ነው፤ ያስፈልገዋል፣ አልነፍገውም። ቀንበሩ ግን ኑሮ ነው። ነገ ከእጃችን ይወጣል። ቤት ሲከራይ ያልገባውን ውል ፈርም ይሉታል። ጓደኛው ተቆርጦ ሲደማ ቆሞ ያያል። ታሞ ብቻውን ሲተኛ ሾርባ የሚሠራለት ያጣል። ያን ጊዜ ሰነፍ ብለን ልንገርፈው ነው? ያረጁት በሬዎች እኔና እርስዎ ነን፤ ከጎኑ የምንጠመድበት በጋም ይኸው እያለቀ ነው።

ስለዚህ የዓርቡን ትምህርት አልዘጋም። ለርዕሰ መምህሩ ይክሰሱኝ፣ ከፈለጉም እስከ ትምህርት ቢሮ ይሂዱ። ክፍሉን ቢቆልፉብኝ ዛፉ ሥር አስተምራለሁ። ዓርብ ናሁሠናይ መርፌና ክር ይዞ ይምጣ። የእርስዎንም ሸሚዝ ያምጣው፤ ከገቡ ጀምሮ እያየሁት ነው፣ የደረቱ ቁልፍ የለም።