በሾላ ምንጭ የቀረችው አንድ ቦታ

ለመሆኑ እንግዳ ጠርቶ፣ እንግዶቹን አስቀድሞ፣ ራሱ ደጅ የቀረ ሰው ማንን ይጠይቃል? መልሱን ቶሎ አትስጡ። አፋችሁ ላይ ያዙትና ነገሩን እስከ መጨረሻው ስሙ።

በአንድ ወቅት፣ ሾላ ምንጭ በምትባል የደጋ ከተማ አንድ የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ነበረ። ኮሌጁ የተሠራው አገሩን ተማሪ በሞላበት ዘመን ነው። ለአርባ ቦታ አራት መቶ ሰው ያመለክት ነበር። ዘበኛው ዱላ ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። የስም ዝርዝር በተለጠፈ ቁጥር ግቢው በልቅሶ ስለሚናጥ፣ መምህራኑ መክረው መላ አገኙ፦ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ነቅለው ከአጥሩ ውጭ ተከሉት። የሚያለቅስ ውጭ ያልቅስ ተባለ። የተማረ ሰው መላ አያጣም።

ከዚያ ዘመኑ ዞረ። ከአሥር ቤት የሰባቱ ሴት ልጅ ዓረብ አገር ሄደች። ስምንት ይወልድ የነበረው ቤት ሁለት መውለድ ጀመረ። ፈተናው ከበደና በየትምህርት ቤቱ የሚያልፈው ተማሪ በጣት የሚቆጠር ሆነ። ግጭት ከቆላ ያፈናቀለው ሕዝብ ከተማው ዳር በቆርቆሮ መጠለያ ሰፍሯል፤ እሱን ግን ተረጂ እንጂ ተማሪ ብሎ የቆጠረው የለም። ኮሌጁ አምና የተቀበለው ዘጠኝ ሰው ነው። የዶርሙን አልጋ ዝገት በላው። ዘበኛው ዱላውን ማን ላይ እንደሚያነሣ ጠፍቶት ጥላ ሥር የሚደገፈው ምርኩዝ አደረገው።

በዚያ ዓመት ከክልሉ ቢሮ ደብዳቤ መጣ። እስከ ጥቅምት የመጨረሻው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ አርባ ተማሪ ካልተመዘገበ ክፍሉ ይዘጋል፣ ሕንፃውም የማዳበሪያ መጋዘን ይሆናል ይላል። ዲኑ አቶ ልሳነወርቅ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡ። በእጃቸው ያሉት አመልካቾች ሦስት ሴቶች ብቻ ናቸው። ሦስቱን ጠርተው ወንበር ስበው አስቀመጧቸው።

"ብጤያችሁን ፈልጋችሁ አምጡልኝ" አሏቸው። "እያንዳንዳችሁ አሥራ ሦስት ካመጣችሁ፣ ከራሳችሁ ጋር አርባ ሁለት ትሆናላችሁ። ሁለት ሰው ቢጎድል እንኳ አንዘጋም።"

ከሦስቱ ታላቋ ይመኙሻል ነበረች፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቷ፣ አራት መቶው በሚጋፋበት ዘመን፣ ለዚሁ ኮሌጅ አመልክታ ነበር። ስሟ ሠላሳ ስምንተኛ ሆኖ ተለጠፈ። በማግሥቱ ጎረቤት ልታሳይ ስትመጣ ሌላ ዝርዝር ተለጥፎ አገኘች፤ ሠላሳ ስምንተኛው ላይ የሌላ ሰው ስም ሰፍሯል። አዲሱን ወረቀት የለጠፉት ያን ጊዜ መምህር የነበሩት አቶ ልሳነወርቅ ናቸው። "የትየባ ስህተት ነበር፤ ቦታ ሞልቷል" አሏት። በወሩ ደላላ ዕድሜዋ ላይ ስምንት ዓመት ጨምሮ ፓስፖርት አወጣላት፤ ጅዳ ገባች። አሥራ አራት ዓመት የሰው ልጅ አሳድጋ፣ የሰው አባት አጥባ ተመለሰች። አሁን ወንበር የሳቡላት ሰውዬ አላወቋትም። እሷም እኔ ነኝ አላለችም።

ይመኙሻል ከዓረብ አገር ወደተመለሱት ሄደች። በየቤታቸው ተቀምጠው የሰው ወሬ የሚፈሩ ሴቶች ናቸው። "በዚህ ዕድሜዬ ደብተር ልያዝ? ሰፈሩ ይስቅብኛል" አለቻት አንዷ። "ጅዳ የሽማግሌ ዳይፐር ስትቀይሪ ማን ሳቀብሽ?" አለቻት ይመኙሻል። "አንቺስ ተመልሰሽ ትሄጂ የለ?" አሏት። እውነትም አሠሪዋ ቪዛ ልካላት ነበር። ስልኳን አውጥታ የቪዛውን ቀን አሳየቻቸውና ቀኑ እስኪያልፍ አብራቸው ተቀመጠች። ቪዛው ሲቃጠል አሥራ ሦስት ሴቶች የድሮ ሰርተፊኬታቸውን ከሻንጣ ሥር አወጡ።

ሁለተኛዋ የሺመቤት ትባላለች፤ ተፈናቃይ ናት፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ የሁለት ልጆች እናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ከነቤቷ ተቃጥሏል። መጠለያው ውስጥ በምላጭና በፈላ ውሃ አሥራ አንድ ሕፃናት አዋልዳለች፤ አንዱ አልተረፈም። የእሷ ሴቶች ወረቀት የላቸውም። መመሪያው ወረቀቱ የተቃጠለበት ሰው ሲማር ያዩት ሦስት ምስክሮች ካቀረበ ይገባል ይላል። መጠለያው ውስጥ መመስከር የሚችሉ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሦስተኛዋ ራሷ ሆነች። እጇን አንሥታ አሥራ ሦስት ጊዜ ማለች። መመሪያው ግን ሌላም ቃል አለው፦ የመሰከርሽላት ሴት መልሳ ልትመሰክርልሽ አትችልም። ከአሥራ ሦስቱ አንዷን ብትተው ያቺ አንዷ ለእሷ ሦስተኛ ምስክር ትሆን ነበር። አንዷንም አልተወችም።

ሦስተኛዋ ናርዶስ ናት፤ አሥራ ስምንት ዓመቷ። ከትምህርት ቤቷ መቶ አሥራ ሁለት ልጆች ተፈትነው ሦስት አልፈዋል፤ እሷ አንደኛ ናት፣ ለኮሌጁ ካመለከተች በኋላ ዋና ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲም ተመድባለች። ለኮሌጅ የሚበቃ ውጤት ይዘው ቤት የተቀመጡ ልጃገረዶች ፍለጋ ገጠር ወረደች። አባቶቻቸው አልሰሟትም። "ደኅና ትምህርት ቤት ቢሆን አንቺ ራስሽ ትገቢበት ነበር" አሏት። ስልኳን አወጣችና ምደባዋን እያዩ ሰረዘችው። "ይኸው፣ እኔም እዚሁ ነኝ" አለች። አሥራ ሦስት አባቶች ልጆቻቸውን ሰጧት።

ሦስቱ አብረው በሚኒባስ ሲመላለሱ ተዋደዱ። ናርዶስ "እትዬ ይመኙሻል" ትላለች፤ "እትዬውን ተዪው፣ አርጅቼ ታየሁሽ?" ትላታለች። አንድ ቀን ይመኙሻል የፓስፖርቱን ነገር አጫወተቻቸው። "ደላላው ስምንት ዓመት መረቀልኝ። በፓስፖርቴ አርባ ዓመቴ ነው፤ ልጅ ልድር ምንም አልቀረኝ" አለች። ሦስቱም እስኪያነቡ ሳቁ።

ዓርብ ደረሰ። አገራችን አንድ ደግ በሽታ አለባት፤ ጠሪ ከተጠሪ በፊት አይቀመጥም። ሬጅስትራሯ ወይዘሮ አመለወርቅ መዝገቡን ሲከፍቱ ሦስቱም እንግዶቻቸውን አስቀደሙ። "እናንተ ግቡ፣ እኛ የቤት ሰው ነን" አሉ። የምዝገባው ቀን ሠርግ ይመስል። ሠላሳ ዘጠነኛዋ ፈርማ ስትወጣ ስልክ ተደወለ። ሆስፒታሉ ነው፤ ማዋለጃ ክፍሉ ለተግባር ልምምድ አርባ ተማሪ ብቻ እንደሚቀበልና አርባ አንደኛ ሰው ከመጣ ውሉን እንደሚያፈርስ አስታወቀ። ወይዘሮ አመለወርቅ ስልኩን ዘጉና እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

"አንዲት ቦታ ቀረች" አሉ።

ሦስቱ ሴቶች ዲኑ ቢሮ ገቡ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት የቀረው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በመስኮቱ ሠላሳ ዘጠኙ ይታያሉ፤ በሦስት ወገን ተከፍለው ቆመዋል።

"እናንተው ተስማሙ" አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

ናርዶስ ወለሉን እያየች ጀመረች። "የኔ ወረቀት ሙሉ ነው። የየሺመቤት ምስክር ጎድሏል። እትዬ ይመኙሻል ደግሞ በፓስፖርታቸው አርባ ዓመታቸው ነው። መመሪያው ከሠላሳ አምስት በላይ አይፈቅድም።"

ይመኙሻል መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። "ሚኒባስ ውስጥ የሳቅንበትን ነው?" አለች።

"ዩኒቨርሲቲውን ሰርዣለሁ። አባቴ እስካሁን አያውቅም። የት ልግባ?"

ወይዘሮ አመለወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። "የሌሎቹ ተመላሾች ፓስፖርትስ ምን ይላል?" ብለው ጠየቁ።

አሥራ ሦስቱም በዚያው በደላላ እጅ ያለፉ ናቸው፤ ፓስፖርታቸው ቢገለጥ ስንቶቹ እንደሚቀሩ ይመኙሻል ታውቃለች።

"የተመዘገበ ተመዝግቧል" አሉ ዲኑ ቶሎ ብለው። "የተዘጋ ፋይል አይከፈትም።"

"የኔ ተከፍቶ ነበር" አለች ይመኙሻል። "ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ሠላሳ ስምንተኛ ሆኜ ተለጠፍኩ። በማግሥቱ ወረቀቱን ቀየሩት፤ እርስዎ ነዎት በእጅዎ የለጠፉት።"

አቶ ልሳነወርቅ ትኩር ብለው አዩዋት። አወቋት ይሁን ፈሯት እንጃ። "ያን ጊዜ ትእዛዝ ይመጣ ነበር" አሉ።

ይመኙሻል ወደ የሺመቤት ዞረች። "አንቺ ምስክር ነሽ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው በያቸው።"

"እህቴ፣ ስትወለጂ አልነበርኩም።"

"ከአሥራ ሦስቱ ስንቶቹ ሲማሩ ነበርሽ?"

የሺመቤት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። "የዘጠኙን አውቃለሁ" አለች በቀስታ። "አራቱን መተው አልሆነልኝም። እህቴ፣ እኔ ሁለት ልጆች ይዤ ቆርቆሮ ሥር ነኝ። አንቺ ቤት አለሽ።"

"ይህን አልሰማሁም" አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ፤ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

በሩ ተንኳኳ። ዘበኛው አንገቱን አስገባ። "ጋሼ፣ ሴቶቹ የእኛዋ ካልገባች እንወጣለን እያሉ ነው።"

"የትኞቹ?"

"ሁሉም።"

አንዱ ወገን እንኳ ከወጣ ክፍሉ ይዘጋል፤ የቀሩትም አብረው ይበተናሉ። አቶ ልሳነወርቅ ሰዓታቸውን አዩ። አሥር ከሃያ ሆኗል። ያን ጊዜ የተማረ ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረጉ፤ መመሪያውን አጥፈው የአባቶችን ወግ መዘዙ።

"በሽምግልና ደንብ እንጨርሰው" አሉ። "ይቅርታ ከፍርድ ይቀድማል። ማንን እንደምሰይም ሳታውቁ፣ ሦስታችሁም 'ይቅር ብያለሁ፣ ቂም የለኝም' በሉ። ለሴቶቻችሁም ወጥታችሁ ይህንኑ ንገሩ። ከዚያ ስሟን እጠራለሁ። ሕይወት በሚወለድበት ቤት ቂም አስገብቼ አልፈርድም።"

ናርዶስ እንባዋን ጠረገች። "ይቅር ብያለሁ፣ ቂም የለኝም" አለች።

የሺመቤት ከመቀመጫዋ ተነሣች። "ይቅር ብያለሁ፣ ቂም የለኝም" አለች።

ሁሉም ወደ ይመኙሻል ዞሩ። እሷ በመስኮቱ የራሷን አሥራ ሦስት እያየች ነበር። አንዷ ከጅዳ ያመጣችውን ጥቁር ዣንጥላ ዘርግታ ሁለቱን አስጠልላለች።

"የኔዎቹ ይቆያሉ" አለች። "አሁን ወጥቼ እነግራቸዋለሁ፤ እኔ ብቀርም ይማራሉ። ያሻዎትን ይሰይሙ፤ አልከራከርም።"

"ይቅርታውስ?"

"እሱን አልልም።"

"እንግዲያ አልፈርድም" አሉ አቶ ልሳነወርቅ። "ቂም ያለበት ፍርድ ኋላ ጣጣ ይዞ ይመጣል። ክፍሉ ቢዘጋ በአንቺ ነው።"

"በኔ? አንዲት ስም መጥራት ያቃተው ሰው እርስዎ ነዎት።"

አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። ይመኙሻል ወጥታ ለአሥራ ሦስቱ የምትለውን ብላ ተመለሰች፤ ሌሎቹ ሁለቱም እንደዚሁ። ግቢው ረጋ። ዲኑ ግን እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ፤ ሬጅስትራሯም አርባኛው ተራ ቁጥር ላይ እስክሪብቶ ይዘው ጠበቁ።

እንግዲህ ፍረዱ። አንዷ ቪዛዋን አቃጥላ አሥራ ሦስት አመጣች፤ ከዓመታት በፊት የእሷ የነበረ ቦታም በዚሁ ቤት ተነጥቃለች፤ ወረቀቷ ግን በሰው ውሸት አርጅቷል። አንዷ ምስክርነቷን ለሰው ጨርሳ ለራሷ አጣች፤ እጆቿ ሥራውን ያውቁታል፤ ከመሐላዋ ግን አራቱ እውነት አልነበሩም። አንዷ ዩኒቨርሲቲዋን በሰው ፊት ሰረዘች፤ ወረቀቷ እንከን የለውም፤ የሚኒባሱን ሳቅ ግን ለዲን ሸጠች። አንዷም ብትጎድል አርባ አይሞላም ነበር። ቦታዋ የማን ናት? ሕጉን ያነሣ ሰው ሕጉን ማን እንዳጠመመው ይንገረን። ችግርን ያነሣ ሰው የማን ችግር እንደሚበልጥ ይመዝን። ሰዓቱ ቢያልፍ ደግሞ ሠላሳ ዘጠኙን የበተነው ማን ነው? ስም ያልጠራው ነው ወይስ ቃል ያልሰጠችው?

አሥራ አንድ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወይዘሮ አመለወርቅ ወደ ይመኙሻል ጠጋ አሉ። "ልጄ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት። በያትና አንቺኑ ይሰይሙሽ ይሆናል።"

"ለቦታ ብዬ አልልም፣ እማማ" አለች ይመኙሻል። "ለእሳቸውም፣ ለደላላውም፣ ለእነዚህም ለሁለቱ። ማንንም ይቅር አልልም።"